ከወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ጣሳ ለጠጣችሁ ሁሉ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የምሳሌያዊ ሰው ታሪክ ሳይሆን የአንዲት የሰፈራችን ሴት ሕይወት ነውና ጥቂት ታግሣችሁ ስሙ። ይህን የሚያነበው የወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ጋዲሳ ታናሽ ወንድም ጉተማ ጋዲሳ ነው።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከአባታቸው ከአቶ ጋዲሳ ወዬሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልማዜ በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ያን ጊዜ አየር ጤና ታክሲ የሚጮኽበት ሳይሆን ገብስ የሚታጨድበት ሜዳ ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ቢማሩም፣ እናታቸው በጠና ስለታመሙ ደብተራቸውን አስቀምጠው ቤቱን ማስተዳደርና ታናሽ ወንድማቸውን ማሳደግ ያዙ። ወንድማቸው ለዚህ ውለታ ምን እንደከፈላቸው ባይጠየቅ ይመረጣል።

ከዚያም በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ አንሶላና የቀዶ ሕክምና ጨርቅ ሲቀቅሉ ኖሩ። የሥራው ጠባይ ወደ ቤታቸውም ተከትሏቸው ስለመጣ፣ ያልፈላ ውኃ ለእንግዳ የማያቀርቡ፣ ጡጦውን፣ ማንኪያውንና ፎጣውን ሁሉ የሚቀቅሉ፣ በአንድ ወቅትም የወንድማቸውን የጥርስ ብሩሽ ቀቅለው ያቀለጡ ሰው ነበሩ።

በ1974 ዓ.ም. በአየር ጤና በአንድ ጋራዥ በብየዳ ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩት ከአቶ ወልደጊዮርጊስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ከብዙ ዓመታት ጥበቃ በኋላ አንዲት ልጃቸውን ትሕትናን ወለዱ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ሳንባቸውን ታመው ሐኪሞች ተስፋ በቆረጡበት ጊዜ ግን አንድ ሽማግሌ መጥተው፣ ፍየል ቅጠሉን ሁሉ ስለምትቀነጥስ ወተቷ መድኃኒት መሆኑን፣ ከፈላ ግን መድኃኒቱ እንደሚሞት ነገሯቸው። ሁሉን የሚያፈሉት ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ይህን አንድ ነገር ሳያፈሉ ለባላቸው ማጠጣት ጀመሩ። ባላቸውም ማንም ያልጠበቀውን ዕድሜ ኖሩ፤ ወተቱ ይሁን የፈጣሪ ቸርነት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እርሳቸው ግን ወተቱ ነው ብለው አመኑ፤ ባልን ያቆየ ነገር እንዴት አይታመን።

ባላቸው ካረፉ በኋላም ፍየሎቹንና አንዲት በግ በግቢያቸው እያረቡ፣ አስም የያዘው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ አራስ የሆነች ሁሉ ደጃቸውን ሲያንኳኳ፣ እዚያው ፍየሏ አጠገብ አቁመው፣ አረፋው ሳይጠፋ በቢጫዋ ጣሳ ያጠጡ ነበር። ገንዘብ አልተቀበሉም። በዚህ የቆማችሁ አብዛኞቻችሁ ጣሳዋን ታውቋታላችሁ። ይህን የሚያነበው ወንድማቸው ብቻ፣ የፍየል ሽታ ስለማይወድ፣ አንድም ቀን ሳይጠጣ «ፈረንጁ ወንድሜ» እየተባለ ሲሣቅበት ኖሯል።

በ2015 ዓ.ም. ሁለቱ ፍየሎችና በጓ ተከታትለው ፅንሳቸውን ጣሉ። ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ነፋስ ያመጣውን ፌስታል ውጠው ነው ተባለ፤ እርሳቸውም የወረደውን ፅንስ በባዶ እጃቸው አጽድተው ቀበሩት። በዚያው ሰሞን ትሕትና የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ እናቷ ዘንድ ልታርፍ ስትመጣ፣ እንዲያጠነክራት ብለው ጠዋትና ማታ ጣሳዋን ሞልተው ይሰጧት ነበር። ፅንሱ በአምስተኛ ወሩ ወረደ። ያን ጊዜ የፍየሎቹን ነገር ከልጃቸው ነገር ጋር ያገናኘ አንድም ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ራሳቸው ታመሙ። ማታ ማታ የሚነሣ ትኩሳት፣ አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ የወገብና የጉልበት ሕመም ያዛቸውና በአካባቢው ካሉ ክሊኒኮች በአንዱ ታይፎይድ፣ በሌላው ታይፈስ፣ በሦስተኛው ሪህ ተባሉ፤ የታዘዘላቸውን ሁሉ ዋጡ፤ ትኩሳቱም እየሄደ ተመለሰ። ቆይቶ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ክርስቲያን ከባልደረቦቹ ጋር በሰፈሩ የሚታለቡትን ፍየሎችና በጎች ወተት ለምርመራ ሲሰበስብ ከእርሳቸውም ግቢ ወሰደ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው፣ ከበግና ከፍየል በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፈው የባክቴሪያ በሽታ በወተቱ ተገኘ። የእኅታችን ሕመም ከራሳቸው ደም ሳይሆን በመጀመሪያ ከፍየሎቻቸው ወተት ታወቀ። ወደ ሆስፒታል ስንሮጥ ግን በሽታው የልብ በራቸውን፣ ቫልቩን፣ ይዞት ነበር።

እንስሳቱ እንዳይሸጡ፣ እንዳይሰጡ፣ እንዳይታለቡም ተነገረን፤ ማን እንደሚያስወግዳቸው ግን የሚነግረን ጠፋ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየላከን፣ የማይታለቡትን ፍየሎች ቅጠል እየገዛን ስንቀልብ ከረምን፤ በመጨረሻ ዶክተር ክርስቲያን በራሱ ጥረት መጥቶ አስወገዳቸው።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በዚያ በደከመ ልባቸው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ከእጃቸው የጠጣውን ሁሉ ደጅ ለደጅ እየዞሩ ተመርመሩ ብለው ለመኑ። የሰፈራችን ሰው ምን አላቸው? «እትዬ፣ እኛ ከእርስዎ እጅ በረከት እንጂ በሽታ አልጠጣንም» አላቸው። መመርመር እርሳቸውን መክሰስ መሰለና፣ በይሉኝታ ሁሉም እቤቱ ቀረ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙሀራ ፈቅደው ነው ይህ የሚነበበው፦ ልጃቸው ኑሕ ዓመት ሙሉ ሲያልበውና ወገቡን ሲያመው፣ እኅታችን በጠየቁ ቁጥር «ኳስ ተጫውቶ ነው» እያሉ ሸሽገዋል። እንዲህ ያለውን ፍቅር ምን ልናደርገው እንችላለን? እኛም አብረን ዝም አልን።

ከሁሉ የከበደው የትሕትና ነገር ነበር። ዛሬ በድጋሚ ነፍሰ ጡር ናት። ብትመረመርና በሽታው ቢገኝባት፣ የመጀመሪያውን ልጅ እናቷ በእጃቸው ባጠጧት ወተት እንዳጣች የሚመሰክር ስለመሰላት፣ እናቷ በሕይወት ሳሉ አልመረመርም አለች። እናቷም የሆስፒታሉን ሐኪም «ልጄን የጎዳኋት እኔ ነኝ?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል፣ ካለፈ በኋላ በርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ነገራቸው። አዎ ቢላቸው ይሻል ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህንኑ ሲጠይቁ ቆዩ፤ መድኃኒቱም፣ እኛም፣ ጸሎታችንም አላቆያቸውም፤ ትናንት ማለዳ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ የምታፍሩላቸው ሰው የሉም። ማንንም አታስከፉም። ከሣልስቱ ማግስት ጠዋት፣ ጠብታ ወተት ያልቀመሰው ይህ ፈረንጅ ወንድማቸው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቀድሞ ይሰለፋል፤ ክንዱንም ለደም ምርመራ ቀድሞ ይሰጣል። ወተቱን ከሆዳችሁ መመለስ አይችልም፤ የሚችለው ይህችኑ ነው። ትሕትና፣ ከጎኔ ቁሚ።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ አንዲት ሴት ልጅ፣ ገና ያልተወለደ የልጅ ልጅ፣ አንድ ወንድም፣ እንዲሁም ከቢጫዋ ጣሳ የጠጡ፣ እርሳቸው ፈልገው ፈልገው ያልጨረሷቸውን ሰዎች ትተው ሄደዋል።

አምላካችን የአገልጋዩን ነፍስ ትኩሳት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን። በምድር ማንም ያልመለሰላቸውን ያን ጥያቄ፣ እውነቱን የሚያውቀው እርሱ ራሱ፣ በምሕረቱ ቀስ ብሎ ይመልስላቸው። አሜን።