አባ መጫን የጣልኩበት ፈተና

በደርግ ጊዜ ሰቶ ሰመሮ በሚባል ቀበሌ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። አባ መጫ የሚባሉ ሽማግሌ ሦስት ዙር ተፈትነው ሦስቱንም ወደቁ። ፊደል ሳሳያቸው "ዓይኔ ደክሟል" ይላሉ፤ ለጨዋታና ለሳቅ ግን የሚቀድማቸው የለም። አንድ ቀን አጋሮ ከተማ የምትኖር ወዳጄ የላከችልኝን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ረስቼ ወጣሁ። ስመለስ አባ መጫ ጠጋ ብለው፣ "ቅዳሜ ና ብላሃለች፤ አባቷ ግን እንዳያይህ" አሉኝ።

ክው አልኩ። "ማንበብ ይችላሉ እንዴ?"

"ኤዬ፣ አዎ፣ ከቻልኩ ቆየሁ። ካለፍኩ ግን ታሰናብተኛለህ። ቤት ብቻዬን ስውል ሆዴ ይከፋል፣ የልጆቼ ስም ሳይቀር ይጠፋኛል። እዚህ ከእኩዮቼ ጋር ስማርና ስስቅ ጭንቅላቴ ይከፈታል። አሁንም ጣለኝ፤ እኔም ደብዳቤ አላየሁም።"

አራተኛውንም ዙር ጣልኳቸው። ለልጅቷ የጻፍኩትን መልስ ግን ያረሙልኝ እሳቸው ናቸው።