ሳይታመሙ ህንድ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ምክንያት ይዞ ነበር። ለቅሶ አለ፣ ትሄዳለህ። ሰርግ አለ፣ ትሄዳለህ። ገበያ አለ፣ ጠበል አለ፣ ንግሥ አለ፣ ትሄዳለህ። እንዲያው ዝም ብሎ አገር ለማየት የሚወጣ ሰው ቢኖር "ምን ነካው?" ተብሎ ሽማግሌ ይላክበት ነበር እኮ። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው! እኔ ትርንጎ ይህን ያህል ዘመን ስኖር ይፋግ የሄድሁት ለለቅሶ ነው፣ አንበሳሜ የሄድሁት ለክርስትና ነው፣ ጣናንም ያየሁት ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ ነው።

ታዲያ ልጄ ብርቱካን፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው፣ ታውቋት የለ፣ ትምህርቷን የጨረሰችው ህንድ አገር ነው፣ እና አንድ ቀን ምስር ስለቅም መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና "እማዬ፣ ዘንድሮ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዕረፍት አለኝ፣ አንቺንና አባባን ህንድን በባቡር አዞራችኋለሁ" አትለኝም!

"ምን ልንሆን?" አልኋት።

"ልታዩ።"

"ምን ልናይ?"

"አገሩን ነዋ፣ እማዬ!"

"ተይ እንጂ፣ ማን ሞቶ ነው?" አልኋት። ከአፌ አመለጠኝ፣ ምን ላድርግ፣ ሌላ መንገድ አላውቅማ።

እሷ ታዲያ እየሳቀች ሰፌዱን ከእጄ ወሰደችና ምስሩን በጣቷ እየገፋች የህንድን አገር ሠራችልኝ። "ይሄ ባሕሩ ነው፣ ይሄ በረሃው ነው፣ እኛ ተኝተን ባቡሩ ያቋርጠዋል። ይሄ ትልቁ ወንዝ ነው። ይሄ ላይኛው ደግሞ በረዶ የማይለቀው ተራራ ነው፣ ወደዚያ ትንሿ ባቡር እየተጠማዘዘች ታወጣናለች።" ባለቤቴ አያ እንየው ከመደቡ ላይ ሆነው ጆሯቸውን አቁመው ኖሯል። ገበሬ ናቸው፣ ጉና ሥር ነው ያደጉት።

"ተራራው ከጉና ይበልጣል?" አሉ።

"አባባ፣ ጉና እዚያ ቢሄድ ጉብታ ነው የሚባለው።"

"አፍሽን ያዥ!" አሉና ያን ቀን ሙሉ አኮረፏት።

በማግስቱ በስልኳ ባቡሩን አሳየችን። ልጆቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! መንደር ነው። መንደር ተነሥቶ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አልጋ አለው፣ ሰው ተኝቶበታል፣ አንዱ ሻይ ይዞ በመካከላቸው እየጮኸ ያልፋል፣ እናት ልጇን ታጠባለች፣ ሽማግሌው ይጸልያል፣ ሁሉም ደግሞ እየሄደ ነው! እና ሲታጠፍ፣ ስሙኝ፣ አንቺ ኋላ ተቀምጠሽ ብቅ ስትይ የተሳፈርሽበትን ባቡር ፊቱን ታይዋለሽ። እኔ እዚህ ባጃጅ ስሳፈር ጉልበቴን የማስቀምጥበት የለኝ! አፌን በእጄ ያዝሁ። "ስምህ ይባረክ፣ ይህንንም ለሰው ልጅ ገለጥህለት?" አልሁ፣ እንባዬም መጣ።

አያ እንየውን ደግሞ ሌላ ነገር ነው የያዛቸው። "መሪው የት አለ?"

"መሪ የለውም፣ አባባ።"

"ታዲያ ማን ያጥፈዋል?"

"ሐዲዱ ነዋ፣ ብረቱን ይዞ ይታጠፋል።"

"ድገሚው እስቲ" አሉ፣ ደገመችላቸው። በኋላ "እንግዲያው ትልሙን የማይስት በሬ ነዋ!" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ ብርቱካን ከሥራ ስትመለስ ደጃፍ ላይ ሳለች "ያንን ነገር አምጪው" ይሏታል።

እና ትኬቱ ተቆረጠ፣ እኔም ስንቅ ጀመርሁ። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ። ብርቱካን "እማዬ፣ ባቡሩ ውስጥ ምግብ አለ" ትለኛለች። "ለእኛስ ይኑር፣ አጠገባችን የሚቀመጠውን ሰው ዝም ብለን ልናየው ነው?" እላታለሁ። ታዲያ ነገር የመጣው በዚሁ ስንቅ ነው። ጎረቤቴ የሽ የበሶውን ብዛት አይታ "ለማን ነው?" አለችኝ፣ እኔም "ከአያ እንየው ጋር ህንድ ልንሄድ ነው" አልኋት። በቃ፣ ይህችኑ ነው ያልሁት።

ህንድ! እዚህ አገር ህንድ የሚሄደው ማን ነው? እስቲ ንገሩኝ! ያገራችን ሐኪም አልቻልሁም ያለው በሽተኛ ነዋ!

ጠዋት የሽ ወተት በጆግ ይዛ፣ ዓይኗ አብጦ መጣች። "ትርንጎ፣ ምነው? ምነው እኔን ትደብቂኛለሽ?"

"ምኑን?"

"የአያ እንየውን ነገር! ምናቸው ላይ ነው? ልብ ነው ኩላሊት?"

"ኧረ አንዱም ላይ አይደለም!"

"አይ አንቺ፣ ሁልጊዜም ሆደ ሰፊ ነሽ" ብላ አቅፋኝ አለቀሰች።

ከዚያማ ጠያቂው ጎረፈ። "እግዜር ይማርዎ፣ አያ እንየው!" እሳቸው መጀመሪያ ሳቁ። "ምንም አልሆንሁም" ሲሉ አንዱ "ጀግና ሕመሙን አይናገርም" ይላል፣ ሌላው "ያለወትሮዎ ገርጥተዋል" ይላል፣ አንዲቱ ደግሞ፣ ምላሷ ይቆረጥ፣ "የእኔም ወንድም እንዲሁ ደህና ነኝ እያለ ነው የሄደ" ትላለች። ታዲያ ሰው ከብረት አልተሠራ! አንድ ጠዋት "ትርንጎ፣ ከስቻለሁ እንዴ?" አሉኝ።

"አንቱ መቼ ወፍረው ያውቃሉ?"

"ይሄ ጎኔንም ወጋ ወጋ ያደርገኛል" አሉና ተኙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "አልሄድም፤ በሰው አገር አልሞትም" አሉ።

ተናደድሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ልጅ አሳደግሁ፣ አማት ጦርሁ፣ ሙሾ አወረድሁ፣ ድግስ ደገስሁ፤ አንድ ቀን "ይህ አማረኝ" ብዬ አላውቅም። አሁን አንድ ነገር አማረኝ። ያቺ በበረዶው ተራራ የምትጠማዘዘው ባቡር አማረችኝ። እሳቸውን ጥዬ ደግሞ አልሄድም፣ እንዴት ብዬ? ጓዳ ገብቼ በሶው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ታዲያ የነፍስ አባታችን መምሬ ዘውዱም ሰምተው ኖሮ ጠበል ይዘው መጡ። "እስቲ፣ ሕመሙ ምንድን ነው?" ሲሉ እኔ ፈነዳሁ። "መምሬ፣ በሽታ የለም! ጎረቤት ነው ያሳመማቸው!"

"ታዲያ ህንድ ምን ትሠራላችሁ?"

"እናያለን!"

"ምን ታያላችሁ?"

"ባቡሩን! በረሃውን! በረዶውን! እግዜር የሠራውን ነዋ! እንዲያው ለማየት! ኃጢአት ነው ወይ፣ መምሬ? ኃጢአት ከሆነ ይንገሩኝና ልቅር!"

መምሬ ጠበሉን እንደያዙ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔም ደፍሬ በመጮሄ ደነገጥሁ። በኋላ ቀስ ብለው "ልጄ፣ እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ 'ግሩም ግብርከ' እላለሁ። ጌታ ሆይ፣ ሥራህ ድንቅ ነው እላለሁ። ያየሁት ግን ከጉና እስከ ጣና ያለውን ነው። ሂዱ፣ ስትመለሱ የቀረውን ንገሩኝ" አሉ። ጠበሉንም "ይህ ለመንገዳችሁ ይሁን" ብለው ረጩንና ወጡ።

እሳቸው ሲወጡ አያ እንየው ከግድግዳው ዞሩ። "ትርንጎ፣ ሞቱን ፈርቼ እንዳይመስልሽ።"

"ታዲያ ምን ፈሩ?"

"እዚያ ባቡር ላይ ድንገት አንድ ነገር ብሆን፣ አንቺ በማያውቁሽ ሰዎች መካከል ልታለቅሺ ነው። ደግፎ የሚይዝሽ የለ። 'አይዞሽ' ቢሉሽም ቋንቋቸውን አትሰሚው። ይህን ሳስብ ነው ጎኔ የሚወጋኝ።"

ልጆቼ፣ ጸጉራችን እስኪሸብት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። "በሬው በላ?" "በጓ ወለደች?" ነው የእኛ ጨዋታ። ታዲያ እኔ ምን ብዬ እንደጮህሁባቸው ታውቃላችሁ?

"እንግዲያው እስክንመለስ አይሙቱብኛ!"

ሃ ሃ ሃ! አዩኝ፣ አዩኝና ተነሥተው ቁጭ አሉ። ከዚያ፣ በጎቹን ያስገቧቸው ያልኋቸው ይመስል፣ "እሺ" አሉኝ።

እና የፊታችን ሰኞ እንሄዳለን። አያ እንየው እሺ ካሉ አለቀ።