መጋዝ እንደ በሬ አይመረጥም

«የምትቆርጡት ዛፍ ውፍረቱ ምን ያህል ነው?»

ባለሱቁ ተገኘ እንዲህ ሲጠይቀኝ ውፍረቱን አላውቅም ነበር። ለአዲሱ ቤታችን የሚሆኑ ስድስት ባሕር ዛፎች ከማሳችን ዳር አሉ፤ ያንን አውቃለሁ። ቆራጩ አብሮኝ የመጣው ልጄ ምንይሉ እንደሆነም አውቃለሁ። ዓምና ጎረቤታችን አፈወርቅ በደቦ ዛፍ ሲጣል እግሩ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ዛፍ በተነሣ ቁጥር ለልጄ እሰጋለሁ።

ዕለቱ የሞላሌ ገበያ ቀን ነበር። ተገኘ ከደብረ ብርሃን ያመጣቸውን ሁለት የሞተር መጋዞች፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቀምጧል። ገበያተኛው ከቦ ይነካካቸዋል። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ወዳጆ በጎቻቸውን ሸጠው ሲያልፉ አዩን።

«ጌታነሽ! ደግሞ ምን ልትገዢ ነው?»

«መጋዝ ነው አያ ወዳጆ።»

«ዛፍ የሚጥለው ደቦ ነው! አንዱ በመጥረቢያ ይመታል፣ ጎረምሳው ገመድ ይዞ ይስባል፣ አለቀ። የግድ ከሆነ ግን ትልቁን ውሰዱ። በሬ ስትገዙ ሻኛውን አይደል የምታዩት?»

ምንይሉ በአክብሮት ጎንበስ አለ። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው።

«አያ ወዳጆ፣ በሬ በመምረጥ እርስዎን የሚያህል የለም። በሬ ግን ክረምት ከበጋ ያርስልዎታል። እኛ ዛፍ የምንቆርጠው አልፎ አልፎ ነው። የዛፎቹን ውፍረት ለክቻለሁ፤ ከስንዝር ተኩል አይበልጥም። የትንሹ መጋዝ ሰንሰለት የሚዞርበት ብረት ሁለት ስንዝር ስለሆነ ይበቃናል።»

«ይችንማ ለጸጉርህ መቁረጫ አድርጋት!»

ገበያተኛው በሳቅ አውካካ። እኔም በልቤ ከአያ ወዳጆ ጋር ነበርኩ። ትልቁ ልጄን የሚጠብቅልኝ መስሎኝ ነበር። ብዙዎቻችን ትልቁን ዕቃ የምንመርጠው ሥራችንን አይተን ሳይሆን ሰው ምን ይለናል ብለን ነው።

«እንግዲያው ሞተሩ ሳይነሣ ትልቁን ያንሡት» አለ ምንይሉ። «ክንድዎን ዘርግተው ይያዙና አባታችን ሆይን ይድገሙ።»

አያ ወዳጆ ጋቢያቸውን ለእኔ ሰጥተው አነሡት። ጸሎቱንም ጮክ ብለው ጀመሩ። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ሲደርሱ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ የመጋዙም ጫፍ ወደ ጉልበታቸው ወረደ።

«ጉልበትዎን!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰንሰለቱ እየዞረ ቢሆንስ ኖሮ?» አለ ምንይሉ ቀስ ብሎ።

አያ ወዳጆ ትልቁን መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያም «እስቲ ያችን ትንሿን» አሉ። በእሷ እስከ «አሜን» ደረሱ! ገበያተኛው አጨበጨበ።

«ይህች ከእጀታው ፊት ያለችውስ ምንድን ናት?»

«ፍሬን ናት። መጋዙ ድንገት ወደ ቆራጩ ቢዘልል ሰንሰለቱን ቀጥ ታደርገዋለች።»

«ፍሬን የሌለውን እንዳትገዛ!» አሉ፤ የራሳቸው ምክር አስመስለው። «ገመድ ሳቢዎቹስ?»

«የአፈወርቅን እግር የሰበረው ከዛፉ አጠገብ መቆሙ ነው። የእኛ ዛፎች ያዘነበሉት ወደ ባዶው ማሳ ስለሆነ ሳቢ አያሻቸውም። ሰው ሁሉ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት።»

ትንሿን ከራስ ቁርና ከዓይን መከላከያ ጋር ገዛን። ቀላል በመሆኗ እጅ አታዝልም፤ ቤንዚንም ብዙ አትጠጣም፤ ስትደንዝም ምንይሉ ቤቱ ተቀምጦ በሞረድ ይስላታል። ደቦውም ጉልበቱን ለገብስ አጨዳ ያውለዋል።

በመቁረጫው ቀን ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ገመድ ይዞ መጣ። አያ ወዳጆ በዱላቸው እየጠቆሙ «ራቁ! ከዚያ ከካቡ ወዲያ!» ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺም ጌታነሽ።»

«እናቱ ነኝ እኮ!»

«ስለዚህ ነዋ! አንቺን ሲያይ ዛፉን አያይም።»

ሞተሩ ተነሣ። ሰዉ ገመዱን እንደያዘ ከካቡ ወዲያ ሄደ፤ አያ ወዳጆም ሄዱ፤ እኔም ሄድኩ። ከዛፉ ሥር የቀረው ምንይሉ ብቻ ነበር።