አማርኛ አታውቅም የተባለችው ተመዝጋቢ

ከሚዛን ወደ አማን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣት አባት የክትባት ካርድ ይዞ ብቻውን ፈገግ ይላል። አጠገቡ የተቀመጡት እናት ዝም ማለት አልቻሉም።

«ምን አስደሰተህ ልጄ?»

«ልጄን የመንግሥት ኬጂ አስመዝግቤ መምጣቴ ነው እማማ። ከሸኮ ከመጣን ገና ሦስት ወራችን ነው። ቤት ውስጥ የምናወራው በሸኮኛ ስለሆነ፣ በቋንቋ ምክንያት እንዳይመልሷት ፈርቼ ነበር።»

«እሺ፣ ምን አሏት?»

«መምህሯ ስሟን ጠየቀቻት፤ ዝም። ደግማ ጠየቀቻት፤ አሁንም ዝም።»

«ውይ!»

«እኔም ተሸማቅቄ፣ ‹ይቅርታ፣ አማርኛ አታውቅም› አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ልጅቷ ዞራ አየችኝና በአማርኛ፣ ‹ለማታውቂው ሰው ስምሽን እንዳትናገሪ ያልከኝ አንተ አይደለህ?› አለችኝ።»

«እሰይ! ከማን ተማረችው?»

«ከጎረቤት ልጆች ነዋ፤ መልመዷን እኔ መቼ አውቄ!»

«ታዲያ ተቀበሏት?»

«መምህሯ እየሳቀች መዘገበቻት። ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ ነው ብንላትም፣ ዥዋዥዌውን ካየች በኋላ አልሄድም ብላ ከእናቷ ጋር እዚያው ቀርታለች።»

ከኋላቸው የተቀመጥኩት እኔ የልጅቷን ስም ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።