እንቅልፌ የቀበሌ ጉዳይ የሆነበት እሁድ

በእኛ ጊዜ ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን የተመለሰ ሰው ሲገኝ ሰፈሩ በሙሉ ሊያየው ይመጣ ነበር፤ ይህን በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ልሳሳት እችላለሁ። ወሩን ረስቼዋለሁ፣ ብርድ ነበር ይመስለኛል፤ ቀኑ ግን እሁድ ነው፣ የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራው እሁድ ነበርና። አንተም ልጄ፣ ይህን የምትጽፈው ከሆነ፣ «ይመስለኛል» ያልኩትን «ነው» ብለህ እንዳታርመው።

ታዲያ እኔ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዶሮ ማነቂያ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከታላቅ እህቴ ከእትዬ ብዙነሽ ጋር እኖራለሁ። መሥሪያ ቤቴ የስኳር ፋብሪካ ማሽን ጥገና እንድማር ኩባ ላከኝና ስድስት ወር ተምሬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ጎረቤቱ መጣ፣ ሳመኝ፣ ጠየቀኝ፣ ሄደ። ሰዓት እላፊ አለ፣ ማንም አያመሽም። መሸ፣ እትዬ ብዙነሽ ተኛች፣ እኔም ተጋደምኩ፤ እና እንቅልፍ የለም። አራት ሰዓት፣ የለም። ስድስት ሰዓት፣ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ጭራሽ ራበኝ፣ ተነሥቼ መብራት አበራሁና ቡታጋዙን ለኮስኩ።

«ምን እያደረግህ ነው ተፈራ?» አለች ከብርድ ልብሷ ውስጥ።

«ሽሮ ላሞቅ ነው።»

«በዚህ ሰዓት የሚበላ ጅብ ብቻ ነው፤ እሱም ሽሮ አይበላም።»

እና ነቅቼ አነጋሁ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንደ ሬሳ ወደቅሁ። የነቃሁት ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። እትዬ ብዙነሽ ራሴ ላይ ቆማለች። «ኩባ አንተን መለሰችልኝ፣ እንቅልፍህን ግን አስቀረችው» አለችኝ። አሞኛል ብላ ፈርታለች፣ እኔም ፈርቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም፣ በሰፈራችን ያን ያህል ርቆ በርሮ የተመለሰ ሰው አልነበረማ።

ታዲያ አምስት ኪሎ ወይዘሪት አልማዝ የምትባል የአውሮፕላን ሆስተስ ትኖር ነበር፣ እህቴ ሹራብ ትሠራላታለች። ወደ እሷ ይዛኝ ሄደች። ወይዘሪት አልማዝ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር፣ ዐይኔን አየችና ሳቀች።

«አልታመምክም» አለችኝ። «ሰውነትህ ገና አልደረሰም፣ አንተ ቀድመኸው መጣህ። ኩባ አሁን ገና ጠዋት ነው። ሰዓትህን አዙረሃል?»

«አዙሬያለሁ።»

«ሆድህንስ?»

«ሆዴን?»

«እሱንም ታዞረዋለህ። እዚህ ሰው ሲበላ ብላ፣ ሌሊት ቢርብህ ውኃ ጠጣ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ውጣ፣ ተራመድ፣ ቀን ጎንህን እንዳታሳርፍ። እና መቼ እንደነቃህ፣ መቼ እንደተኛህ ጻፈው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ወደ እኛ ሲጠጋ ታየዋለህ፤ ያን ስታይ አትፈራም። ሳምንት ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይለቅሃል።»

ጻፍ ለማለትማ ትክክለኛውን ሰው አገኘች። ያኔም እንደዚሁ ነበርኩ፣ ያልጻፍኩትን አላምንም፣ የጻፍኩትንም ሁለት ጊዜ አያለሁ። ደብተር ገዛሁ፣ በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። በመጀመሪያው «አ» አልኩ፣ አዲስ አበባ። በሁለተኛው «ሀ» አልኩ፣ ሀቫና። በሦስተኛው ወይ «ተ» ወይ «ነ»፣ ተኛሁ፣ ነቃሁ። የእኛን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ የእነሱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። እና የዓርቡ እንዲህ ይላል፦ «አ 2፡30፣ ሀ 12፡30፣ ተ»። የቅዳሜው «አ 1፡30፣ ሀ 11፡30፣ ተ»። አያችሁ፣ አንድ ሰዓት ተጠግቷል። በጣም ደስ አለኝ። እንግዲህ እሁድ እንቅልፍ የሚመጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ማለት ነው ብዬ አሰላሁ።

እና እሁድ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። እትዬ ብዙነሽ ግን ፊቴ ላይ ውኃ ደፋች። «ስብሰባ አለ፣ አትተኛም» ብላ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ፣ ፒያሳን ዞርን፣ አራት ኪሎ ደርሰን ተመለስን፣ ፀሐይ ፀሐዩን። ቆሜ እየተራመድኩ ሕልም አይ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌው አዳራሽ ገባን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ትንፋሽ ይሞቃል፣ ሊቀ መንበሩ ይናገራል፣ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ…

ከዚያ ቀጥሎ የማውቀው ዝምታውን ነው። ዐይኔን ስገልጥ አዳራሹ በሙሉ ቆሟል፣ ግራ እጁን አንሥቷል፣ መፈክሩ መሃል ላይ ተቋርጧል። የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። አንኮራፍቻለሁም አሉ፤ ይህን እኔ አልሰማሁም።

ሊቀ መንበሩ እጁን አወረደ። ሁሉም አወረደ።

«ጓድ፣ አብዮቱ አሰለቸህ?»

«አይ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከጉዞ ነው። ሰውነቴ ገና ኩባ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ከኋላ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፣ ማን እንደሆነች ዛሬም ባልናገር ይሻላል፣ ልጆቿ አሉ። «መብራታቸው እስኪነጋ ይበራል» አለች። «ሦስት ሌሊት አየሁ።»

እናንተ ልጆች ይህች ነገር ምን ማለት እንደሆነች አታውቁም። ያን ጊዜ ሌሊት የተቃዋሚ ወረቀት የሚበተንበት ጊዜ ነው፣ ጠዋት በየአጥሩ ሥር ወረቀት ይገኛል፣ ጠዋት በየመንገዱ ሰው ወድቆ ይገኛል። ቀን የሚተኛ ሰው ሌሊቱን ምን ሲሠራ ያድራል? ጥያቄው ይህ ነው። ማንም አልጠየቀውም፣ ሁሉም ግን ሰማው። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ትንሽ ትንሽ እያሉ አግዳሚው ላይ ተንሸራተው ራቁኝ። እኔና እትዬ ብዙነሽ ብቻ ቀረን።

ቤታችን ተፈተሸ። ምን ይገኛል? አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሳጥን፣ ክርና መርፌ፣ እና ያ ደብተር።

ሊቀ መንበሩ ደብተሩን ገለጠና ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ እንደ አስተማሪ፣ ይጠይቀኝ ጀመር።

«አ ማነው?»

«አዲስ አበባ ነው።»

«ሀ?»

«ሀቫና።»

«ተ?»

«ተኛሁ ማለት ነው።»

«ነ ደግሞ ነቃሁ ልትለኝ ነው።»

«አዎ ጓድ።»

«እንግዲህ አራት ናችሁ» አለ። «አ በሁለት ተኩል ቀጠሮ አለው፣ ሀ በአሥራ ሁለት ተኩል። ይህ የቀጠሮ ደብተር ነው። እንቅልፉን በማስመሪያ የሚያሰምር ሰው አይቼ አላውቅም።»

እሱስ እውነቱን ነው፣ እኔም ከራሴ ሌላ አላየሁም።

እትዬ ብዙነሽ እየሮጠች አምስት ኪሎ ሄደች፣ ወይዘሪት አልማዝ መጥታ እንድትመሰክርልኝ። ቤቷ ተዘግቷል። በረራ ላይ ናት፣ የምትመለስበትን ቀን የሚያውቅ የለም። እህቴ ብቻዋን ተመልሳ ስትመጣ ገና ከሩቅ ፊቷን አይቼ ገባኝ። ሊቀ መንበሩም «እንግዲህ ወደ ከፍተኛ ነው የምትሄደው» አለ። ከፍተኛ ማለት ከቀበሌው በላይ ያለው ነው፤ ከዚያ ስንቱ እንደተመለሰ አልነግራችሁም፣ አልቆጠርኩም።

ታዲያ ያን ጊዜ ምን እንዳናገረኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። «ጓድ ሊቀ መንበር» አልኩ፣ «ደብተሩ የቀጠሮ ከሆነ ነገን አያውቅም። የእንቅልፍ ከሆነ ግን ያውቃል። እዚህ እሰሩኝ፣ ሰው ይጠብቀኝ። ሌሊቱን ነቅቼ አድራለሁ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እተኛለሁ።»

«አሥራ አንድ ተኩል?»

«በየቀኑ አንድ ሰዓት ይጠጋል ጓድ።»

አየኝ፣ ደብተሩን አየ፣ እንደገና አየኝ። «ካልተኛህስ?»



የዚያን ቀን ተራ ጠባቂው ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ልብስ ሰፊ፣ ከፒያሳ ወደ ታች ባለው መንገድ አንዲት የስፌት መኪናቸውን ይዘው የሚሠሩ። ጥበቃ በየቤቱ ተራ ስለነበር ደረሳቸው እንጂ ጠመንጃ አያያዝም አያውቁም ነበር። ሊቀ መንበሩ አንድ ወረቀት ሰጣቸው። «በየግማሽ ሰዓቱ በበሩ ቀዳዳ እያዩ ጻፉ። ነቅቷል ወይም ተኝቷል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ እተኛለሁ ብሏል፣ እናያለን።»

እና የቀበሌው ኅብረት ሱቅ መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ። ስኳር ነው ያለው፣ ጆንያ በጆንያ ላይ። ስድስት ወር ስኳር ያጠናሁ ሰው ስኳር ላይ ተጋደምኩ። ሰዓቴን ወስደውታል። ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ ሰዓት ከሌለኝ አሥራ አንድ ተኩል መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ያንቀላፋኋት እንቅልፍ አለች። ስንት ደቂቃ ነበረች? እሷን በስሌቱ አላስገባኋትም። እሷ ሁሉን ነገር አዛብታው ቢሆንስ?

ሌሊቱን መንቃት ቀላል ነበር፣ እሱን ሰውነቴ ራሱ ሠራው። ችግሩ ሲነጋጋ ነው። የጊዮርጊስ ኪዳን ተሰማኝ፣ ደረሰ አልኩ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ። እና እንቅልፍ የለም። በሦስት ቀን ውስጥ በዚህ ሰዓት ይጥለኝ የነበረው እንቅልፍ፣ ደብቁኝ እስክል ያባርረኝ የነበረው፣ ብፈልገው የለም። ልቤ እንደ ወፍጮ ነው። ሀቫና አሁን መሽቷል ተኛ እለዋለሁ ሰውነቴን፣ አይሰማኝም። መጥቷል መሰለኝ፣ እዚሁ ደርሷል፣ እንደ ማንም የአዲስ አበባ ሰው ፈርቶ ነቅቷል። እንዲያውም አተነፋፈሴን እንደ ተኛ ሰው ለማድረግ ሞከርኩ። የተኛ ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ ግን የሚያውቀው የለም፣ ሞክሩት።

በሩ ተከፈተ። ብርሃን ገባ። «ተነሣ» አለኝ ሊቀ መንበሩ። ተነሣሁ። ወረቀቱን ከጋሽ ሰይድ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ሦስት ሰዓት፣ ነቅቷል። ሦስት ተኩል፣ ነቅቷል።» እንዲህ እያለ ሌሊቱን በሙሉ አነበበው። «አሥራ አንድ ሰዓት፣ ነቅቷል። አሥራ አንድ ተኩል…» አለና ቆመ። ጋሽ ሰይድን አያቸው።

«ልክ በዚያው ሰዓት ነው?»

«ልክ በዚያው ነው ጓድ። እንቅልፍ ጣል አደረገው።»

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። «ሂድ» አለኝ። «መብራትህን ግን አጥፋ። መንቃት ከፈለግህ በጨለማ ንቃ።» ደብተሩን አልመለሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

እትዬ ብዙነሽ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አደረች ይላሉ፤ እሷ ግን ሰዓት እላፊ ስለነበር ገና ሲነጋ ነው የመጣሁት ትላለች። ሁለቱንም መዝግቡት። ቤት እንደገባሁ፣ እመኑኝ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደቅሁ፣ ማታ ድረስ አልነቃሁም።

ታዲያ እኔ ለዓመታት ምን ብዬ አምን ነበር? ጋሽ ሰይድ እያዩኝ፣ እንዳልተኛሁ እያወቁ፣ ስለ እኔ ብለው ዋሹ ብዬ። በየዒዱ እንኳን አደረስዎ ለማለት ቤታቸው እሄዳለሁ፣ ከጉልበታቸው ዝቅ እላለሁ፣ እሳቸውም «ምን ሆነሃል ልጄ፣ ተው» ይሉኛል። ያን ነገር ግን አንሥተን አናውቅም፣ ዘመኑ አያስነሣም። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን ሱቃቸው ተቀምጬ፣ ሱሪዬን እያሳጠሩልኝ፣ ጨክኜ አነሣሁት።

«ጋሽ ሰይድ፣ ያን ሌሊት ስላደረጉልኝ አመስግኜዎት አላውቅም።»

«የቱን ሌሊት?»

«የመጋዘኑን። አልተኛሁም ነበርኮ። እያዩ ተኝቷል ብለው ጻፉልኝ።»

መኪናቸውን አቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። «አልተኛህም ነበር?» አሉኝ።

«አልተኛሁም።»

ከዚያ ሳቁ፣ ዐይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። «አላህ ይይልህ፣ በየዒዱ የምትመጣው ለዚህ ነው? እኔማ መች አየሁህ። የበዓል ልብስ ስሰፋ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። እንደማልችል ስለማውቅ ገና ስቀመጥ ወረቀቱን እስከ ንጋት ሞላሁት። አሥራ አንድ ተኩል ብሏል አይደል፣ አሥራ አንድ ተኩል ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በሩን ተደገፍኩ፣ በቃ።»

«እኔ ዋሽቼ ቢሆንስ ኖሮ? በመስኮት ወጥቼ ሄጄ ቢሆንስ?»

«ሁለታችንም ከፍተኛ ነበርን» አሉና ክሩን ወደ መርፌው መለሱ።

እኔ አንድ ሰው የነገረኝን ብቻ ይዤ አልሄድም። ስለዚህ ሱሪዬን ተቀብዬ በጓሮ በኩል ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ሐዋ ገባሁና ጠየቅኋቸው። ብዙም አላሰቡ። «አዎ፣ ከቀበሌ የመጣ ዕለት» አሉኝ። «ሦስት ሌሊት ዐይኑ ደም የመሰለ ሰውዬ፣ ጠግቦ ተኝቶ የተነሣ መስሎ መጣ። የት ተኛህ ብዬ ብጠይቀው ቁርሴን አምጪ አለኝ።»

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያረጋገጥኩት ይህን ነው፤ ያን ሌሊት የተኛው ጠባቂው ነው።