የግራው ለብቻ፣ የቀኙ ለብቻ

ዝናብ ባይዘኝ ኖሮ ያን ቀን ጫማ ሰፊው ቤት አልገባም ነበር። ከጡረታ ወዲህ ከሰዓት በኋላ በእግሬ መዘዋወር ልማዴ ነው። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ዶፉ ወረደብኝና በቅርብ ወዳገኘሁት በር ዘው አልኩ። ውስጥ አጎትና የእህት ልጅ ጦፈው ይከራከራሉ።

ይህ ሰው እንደ ሌላው ጫማ ሰፊ አይደለም። የሚሰፋው እግራቸው እኩል ላልሆነ ሰዎች ነው፤ አንዱ እግር ለሚያጥራቸው፣ አንዱ ላበጠባቸው፣ አንዱ ጨርሶ ለሌላቸው። የደንበኞቹ እግር በእንጨት ተቀርጾ፣ እነሱ ፎርማ የሚሉት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ግድግዳውን ሞልቶታል። የእህቱ ልጅ ደግሞ ንግድ ተምራ በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ የዕረፍት ቀኗን አጎቷ ዘንድ የምታሳልፍ ወጣት ናት።

“መምህር፣ እንኳን መጡ! እስቲ ይፍረዱን” አለኝ ጫማ ሰፊው፣ ወንበር እየገፋልኝ። “ይህች ልጅ ጋሪ ያስፈልግሃል ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ፈረስ የለኝ፣ ጋሪ ምን ይሠራልኛል?”

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። “ጋሼ ደግሞ! የግዢ ጋሪ ነው ያልኩት። ሰው በስልኩ ገብቶ ጫማ የሚመርጥበት፣ ልኩን የሚጽፍበት፣ ከፍሎ የሚወጣበት ፕሮግራም።”

“አጣሁት ብለሽ ነው? ባለፈው ፕሮግራም የሚሸጥ አንድ ሠራተኛ አምጥቶ አሳይቶኝ የለ? ምን ልበልዎ መምህር፣ ካንዱ በር ሲወጡ ሌላ በር ነው። የመጋዘን ቁጥጥር፣ የቅናሽ ኩፖን፣ የነጥብ ሽልማት! የኔ መጋዘን አልጋዬ ሥር ያለው ሣጥን ነው። ራሴን አዞረኝ። ኢንተርኔት ለኔ ቢጤ አይሆንም ብዬ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።”

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ጋሼ” አለች ልጅቱ በትሕትና። “አንድ ሰው ከእግሩ የሚበልጥ ጫማ አጥልቆ፣ በተራመደ ቁጥር ሲወልቅበት፣ ‘በቃ ጫማ የሚባል ነገር አይሆነኝም’ ቢልዎ ምን ይሉታል?”

“ልክህ አይደለም፣ ሌላ ሞክር እለዋለሁ።”

“እኔም የምልዎ ያንኑ ነው። ያ ፕሮግራም ለትልልቅ መደብሮች የተሰፋ ነው። ልክዎ አይደለም።”

ጫማ ሰፊው ወስፌውን አስቀመጠ። እኔም የማስተማር አባዜዬ አልለቀቀኝምና “ልክ የሆነውስ በምን ይለያል?” አልኳት።

“ከሥራው በመነሳት ነዋ፣ መምህር። ጋሼ የሚሸጡት ጥቂት ነገር ነው፤ ብዙ የሚችል ፕሮግራም ብዙ ያስቸግራቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም። እኔ የመረጥኩት ቀላሉን ነው። የግራና የቀኝ እግር ልክ ለየብቻ ይቀበላል፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ጫማ ጥንድ ብቻ ይመስላቸዋል። በአሮጌ ስልክና በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ክፍያው በባንክ በኩል ስለሚያልፍ የሰው የካርድ ቁጥር እኛ እጅ አይገባም። ደግሞ ጋሼ ራሳቸው ዋጋ መቀየር ይችሉበታል፤ ያለዚያማ እኔ የሌለሁ ቀን ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።”

“ሕዝቡ ባንድ ጊዜ ግር ብሎ ቢያዝስ? ያለኝ ሁለት እጅ ነው።”

“የሚችሉትን ያህል ብቻ ያስገባሉ። ሲሞላ ገጹ ራሱ ‘ለጊዜው ትዕዛዝ አንቀበልም’ ይላል።”

“ከፕሮግራሙ ባለቤቶች ጋር ብንጣላስ?”

“የደንበኞቻችንን መዝገብ ይዘን እንወጣለን። ይህን ሳላረጋግጥ አፌን አልከፈትኩም።”

ጫማ ሰፊው ቀጥሎ ሲናገር ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቶ ነበር። “እግሩስ? እኔ እግር ሳልዳስስ ቆዳ ቆርጬ አላውቅም። በፎቶ አይቼ ሰፍቼለት ቢያቆስለውስ? የታመመ ሰው ላይ ሕመም ልጨምር?”

ጥያቄው እውነተኛ መሆኑን በልጅቱ ፊት ላይ አነበብኩ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና በክራንች የሚሄድ፣ ዝናብ ያበሰበሰው ጎልማሳ ገባ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ያደረገውን ጫማ አይቶ፣ ሰፊው ማን እንደሆነ ጠይቆ፣ ከሩቅ ከተማ የመጣ ነው። “ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት ሁለት ጥንድ እየገዛሁ አንዳንዱን ስጥል ኖርኩ” አለ። “እርስዎ እዚህ መኖርዎን የነገረኝ ሰው የለም።”

ጫማ ሰፊው የሰውየውን እግር ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ ለካው። “እናንተ አገር እንዳንተ ያለ ሌላ ሰው አለ?”

“ሞልቷል። እኔስ እንደምንም መንቀሳቀስ ስለምችል መጣሁ። የማይችለው በምን ይምጣ?”

ጫማ ሰፊው ግድግዳውን፣ እነዚያን ሁሉ የእንጨት እግሮች፣ እንደ አዲስ ተመለከታቸው። እሱ ዘንድ ሊደርሱ የቻሉትን ብቻ ነው ለካ የሚያውቀው።

“እግሩን ወረቀት ላይ አሳርፎ ዙሪያውን በእርሳስ ቢያሰምርልኝ…” አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። “ከጎን ከጎኑ ፎቶ ቢያነሳ… መጀመሪያ በጨርቅ መሞከሪያ ሰፍቼ ልላክለት። የቆረቆረውን ቦታ ምልክት አድርጎ ይመልስልኝ። ቆዳውን ከዚያ በኋላ እቆርጣለሁ።” ቀና አለ። “ያ ጋሪሽ ፎቶ ይቀበላል?”

“ይቀበላል፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው ክፈቺው።”

የኢንተርኔት ሱቁ ከተከፈተ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጫማ ሰፊው አስጠርቶኝ ስሄድ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሐውልት ደርቆ አገኘሁት። “መምህር፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡልኝ፤ ዓይኔን አላመንኩትም።”

አነበብኩ። አንዲት የደሴት ነዋሪ፣ ቀኝ እግሯን በአደጋ ያጣች፣ የግራውን ለብቻ አዛለች። ከሥሯ ደግሞ በሌላኛው የምድር ጫፍ፣ በተራራማ አገር የምትኖር አንዲት ተማሪ ቀኙን ለብቻ ጠይቃለች። ቁመቱም ወርዱም ያው ነው። የመረጡት ቀለም ሳይቀር አንድ ነው።

“አይተዋወቁም?” አለኝ በሹክሹክታ።

“በምን ይተዋወቃሉ!”

ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። እነዚያን ሁለት ቦታዎች በካርታ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጌ ስንቱን ተማሪ አሳይቻለሁ። ከነጥቦቹ ሰው ሲናገር ግን በዚህች ጠባብ ክፍል፣ በዚያች ትንሽ ስልክ ገና መስማቴ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ የምንሸሸው ብዙ ጊዜ ልካችን ያልሆነውን አስቀድመው ስላጠለቁልን ነው። ለሥራችን የሚበቃውን ቀላሉን ብንመርጥ፣ ሙያችን ሳይረክስ ሩቅ ይደርሳል። ባለሙያው ከተሸሸገበት ቤቱ ይወጣል፤ ቤቱ የቀረውም ሰው የሚፈልገውን ያገኛል።

መሞከሪያዎቹ ሄደው ተመለሱ፤ ጫማ ሰፊውም አንዱን ቆዳ ለሁለቱ ቆረጠው። አልቀው ያየኋቸው ቀን ግራና ቀኝ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ ሁለት ካርቶን ይዛ መጣችና የግራውን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

“ትንሽ ቆዪ” አላት አጎቷ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። “አንድ ላይ እንዳሉ ጥቂት ልያቸው።”