የማሊፑራ ሠረገላ ለምን ቆመ

(በደቡብ ሕንድ፣ ሩዝና ኦቾሎኒ በምታመርተው ትንሿ ማሊፑራ፣ የመከር በዓል ረፋድ ላይ፦ የእንስት አምላኳን ምስል የጫነው የእንጨት ሠረገላ መቅደሱ ፊት ቆሟል፤ የአናጺዎቹ ቤት ባልቴት ቲማካ መንኮራኩሩ ሥር ተቀምጣለች፤ የበዓሉ ኮሚቴ ጸሐፊ ራጋቭ በራሪ ጽሑፍ ጨብጦ አጠገቧ ይንቆራጠጣል።)

ራጋቭ፦ እማማ ቲማካ፣ ይነሱ እንጂ! ሦስት መቶ ገበሬ ገመድ ይዞ ቆሟል።

ቲማካ፦ ይቁም። ሩዝ ሲተክል ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይውል የለ? ዛሬ ወገቡን ያቅና።

ራጋቭ፦ የወረዳው ሹም መንገድ ላይ ናቸው! ሽብልቁን ከመንኮራኩሩ ሥር መንቀል የእርስዎ ቤት ሥራ ነው። ነቅለው ይገላግሉን።

ቲማካ፦ ሽብልቅ የሚነቀለው ሞይዲን ገመዱን ከጨበጠ በኋላ ነው። የታለ ሞይዲን?

ራጋቭ፦ እሱማ የዚያ ቅዱስ ሼኽ መቃብር ጠባቂ ነው፤ ሙስሊም ነው። ዘንድሮ ከገመድ ጎታቾቹ ዝርዝር ወጥቷል።

ቲማካ፦ ማን አወጣው?

ራጋቭ፦ ኮሚቴው።

ቲማካ፦ ኮሚቴው ማን ነው?

ራጋቭ፦ እኔና… አማቼ።

ቲማካ፦ ኧረ አበጃችሁ! አገር ሙሉ መክሯላ!

ራጋቭ፦ በጥናት ነው እኮ። ይኸው የከተማችን ታሪክ፣ ራሴ የጻፍኩት። «ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ታላቁ ንጉሥ ሠረገላውን ለመቅደሱ ለገሱ። በዚያች ዕለት ለሕዝቡ የተቆላ ኦቾሎኒ በቁና አደሉ…»

ቲማካ፦ ምን አደሉ?

ራጋቭ፦ ኦቾሎኒ።

ቲማካ፦ አንተ ልጅ፣ ከተማ ድረስ ሄደህ የተማርከው ይህንን ነው? ኦቾሎኒ እዚህ አፈር ላይ መጀመሪያ የተዘራው የአያቴ አባት ጎረምሳ ሳለ ነው። ፍሬው አፈር ሥር መሆኑን ሳያውቅ ቅርንጫፉ ላይ ሲፈልግ ከርሞ፣ «ይህስ መካን ነው» ብሎ በሬ ለቀቀበት። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅብናል። ታዲያ ያንተ ንጉሥ ከየት አምጥቶ ቆላው?

ራጋቭ፦ እሺ… የማተሚያ ቤት ስህተት ይሆናል።

ቲማካ፦ ንጉሡንም ማተሚያ ቤቱ ጨምሮት እንዳይሆን። ላም አለኝ በሰማይ!

ራጋቭ፦ እርስዎስ ምን ማስረጃ አለዎት? ወረቀት አለ?

ቲማካ፦ ወረቀት የለኝም፣ እንጨት አለኝ። ና፣ መንኮራኩሩን ዳስሰው። የሁመር እንጨት ነው። በድርቁ ዓመት አሮጌው መንኮራኩር ተሰነጠቀ። በአገሩ የቀረው ትልቅ የሁመር ዛፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፣ የሼኹን መቃብር የሚያጠላው። የሞይዲን ቅድመ አያት በገዛ እጁ ቆርጦ ሰጠን፤ የባሌ አያት ጠረበው። የእኛ እመቤት በአበባ ተሸፍና ስትዞር፣ የእነሱ ሼኽ ሌላ ዛፍ እስኪያድግ አርባ ዓመት ፀሐይ ላይ ተኙ። መጀመሪያ ገመዱን የሞይዲን ቤት የሚጨብጠው ለዚህ ነው።

ራጋቭ፦ ይህ ተረት ነው።

ቲማካ፦ ተረቱ ላይ ነው እንግዲህ ሠረገላህ የቆመው።

ራጋቭ፦ እሺ፣ ይምጣ! ግን ከኋላ ይቁም፤ ፎቶ ውስጥ እንዳይገባብኝ።

ቲማካ፦ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ። ከፊት ነው የሚቆመው፣ ገመዱን ሲጨብጥም ሲስቅም እንዲታይ።

ራጋቭ፦ እንግዲያው ሌላ አናጺ አስጠራለሁ!

ቲማካ፦ ጥራ። የማሊፑራ አናጺ ወይ ልጄ ነው ወይ የልጄ ልጅ። እናቴን ጎትቼ ላንሳ የሚለው የትኛው እንደሆነ እኔም ልየው።

ራጋቭ፦ ሹሙ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ! አንዲት አሮጊት ሦስት መቶ ሰው አግታ ያዘች እላለሁ!

ቲማካ፦ እኔ ማንን አገትኩ? እስቲ ዞር ብለህ እይ፤ ገመዱ መሬት ላይ ነው። ገበሬው ሞይዲንን ሊጠራ ወደ መቃብሩ ወርዷል። ከቸኮልክ ሩጥና ድረስባቸው፤ ደጁ ላይ ግን ጫማህን አውልቅ።